ወዝ ያለው ፊት፦ የሬዚን ጭንቅላት በደሴና በኮምቦልቻ አየር መቀባት

በጠርሙስ ታሽጎ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚመጣው አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ በአብዛኛው የፈረንጅ ቆዳ ነው፤ ለጠይም ፊት መነሻ እንኳ አይሆንም። ብዙ ጀማሪ ይህንኑ ይገዛና ቡናማና ጥቁር እየጨመረ ሊያጠቁረው ይሞክራል። የሚወጣው ፊት ግን ጠይም አይደለም፤ አመድ የተነፋበት፣ ከረጅም ሕመም የተነሣ ሰው ይመስላል። ጥፋቱ የነጩ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቀለም ነጭ የበዛበት ስለሆነ ጥቁር ሲገባበት ወደ ግራጫ ይሄዳል እንጂ አይሞቅም። እኛ ሰው ላይ ስናየው ወዝ የምንለው ነገር ከሬዚን፣ ማለትም ከፈሳሽ ከሚጠነክር ፕላስቲክ፣ በተሠራ ጭንቅላት ላይ እንዲኖር ከተፈለገ ቀለሙን ከዜሮ ማዋሐድ፣ በስስ በስሱ መደራረብ፣ መጨረሻ ላይም ቫርኒሹን ቦታ ቦታውን ለይቶ መቀባት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው የሰውን አንድ ስድስተኛ መጠን ላላቸው፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ለሚቆሙ፣ አክሽን ፊገር ለሚባሉ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊቶች የሚሆን አሠራር ነው፤ ዕቃውም ከፋርማሲ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብርና ከመኪና ቀለም መሸጫ የሚሰበሰብ ነው።

አስቀድሞ ልኩን ማወቅ እጅን ይገራል። የሰው ጭንቅላት ከአገጭ እስከ አናት 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለስድስት ሲካፈል 3.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የዓይን ባለቀለም ክብ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በጭንቅላቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ መሐሉ ያለው ብሌን ደግሞ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ። ስለዚህ ያለ ማጉያ አይሠራም። በራስ ላይ የሚታሰር ማጉያ ካልተገኘ ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3 የሆነ የንባብ መነጽር ይበቃል። መብራቱ ነጭ የቀን ብርሃን የሚመስል አምፖል ይሁን። በቢጫ አምፖል ሥር የተዋሐደ ቆዳ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ሆኖ ይገኛል።

ብሩሽ ሦስት ይበቃል፦ ቁጥር 2፣ ቁጥር 0 እና ባለ ሦስት ዜሮ። ለዓይን የሚያስፈልገው ሹል ጫፍ ነው እንጂ ቀጭን ብሩሽ አይደለም። በጣም ቀጭኑ ብሩሽ ቀለም ስለማይዝ በደሴ የበጋ አየር ፊቱ ጋ ሳይደርስ ጫፉ ላይ ይደርቃል። ጫፉ ያልተበተነ ቁጥር 0 ከሱ ይሻላል። ቀለሙ ቶሎ ከደረቀባችሁ ከፋርማሲ የሚሸጠውን ግሊሰሪን ለ20 ጠብታ ውሃ 1 ጠብታ ጨምራችሁ በዚያ ውሃ ቀለሙን አቅጥኑ። ከዚያ ከበለጠ ቀለሙ ለቀናት ይጣበቃል፤ አቧራም ይሰበስባል።

ሬዚኑ የትኛው ነው?

ሁለት ዓይነት ጭንቅላት በእጅ ይገባል። አንዱ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ፖሊዩሬቴን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚዞር ቀጭን መስመር፣ አንገቱ ሥር የተቆረጠ ጉቶ፣ አንዳንዴም የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ የአየር አረፋዎች አሉት። ሌላው በስሪ ዲ ፕሪንተር የወጣ፣ በብርሃን የሚጠነክር ሬዚን ነው። በማጉያ ሲታይ እንደ ጣት አሻራ የተደራረቡ ስስ መስመሮችና አገጭ ሥር የድጋፍ ነጥቦች ይታዩበታል። የሁለቱ ችግር የተለያየ ስለሆነ ሳይለዩ መጀመር አያዋጣም።

የፈሰሰው ላይ የሚቀረው የሲሊኮን ማላቀቂያ ቅባት ነው። ዓይን አያየውም፤ ቀለም ግን ያውቀዋል። ቅባት ባለበት ቦታ ቀለሙ ሸሽቶ ክብ ክብ ባዶ ይተዋል፤ ወይም የያዘ መስሎ ከሳምንት በኋላ ስኮች ሲነካው ተላጦ ይነሣል። ለብ ባለ ውሃ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ፣ በፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሁለት ጊዜ ይታሻል። ጆሮ ውስጥ፣ አፍንጫ ቀዳዳና የፀጉር ሽብልል መሐል አይታለፉ። ከታጠበ በኋላ ሌሊቱን ይደር፤ ፊቱን በጣት አትንኩት፣ የእጅ ቅባትም ያው ቅባት ነው።

የታተመው ላይ ያለው ጣጣ ይበልጣል። ያልጠነከረ ሬዚን ላዩ ላይ ከቀረ ፕራይመሩ (ቀለም እንዲይዝ ከሥር የሚነፋው ሽፋን) ለዘላለም ይጣበቃል። ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ሁለት ዙር ይታጠብ፤ አንዱ ዕቃ ለቆሻሻው፣ አንዱ ለማጥሪያው። ከፋርማሲ በብዛት የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ያልጠነከረውን ሬዚን ወደ ነጭ ዱቄት ሽፋን ይለውጠዋል። ጓንት ያስፈልጋል፤ ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ያስነሣል፤ አንዴ ከመጣም አይለቅም። ያጠባችሁበትን አልኮል ቦይ ውስጥ አትድፉት። በብርጭቆ ማሰሮ ፀሐይ ላይ አቆዩትና የጠነከረው ሲዘቅጥ አጣሩት።

ማጠንከሪያ መብራት ለሌለው ደሴ ያደለችው ነገር አለ። የዩቪ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከተማው ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በበጋ የረፋድ ፀሐይ በየ5 ደቂቃው እያዞሩ 20 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ግን ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ልኩ ሰዓቱ ሳይሆን ጥፍሩ ነው፤ ጓንት ባደረገ ጣት ሲነካ የማይጣበቅ፣ ጥፍር ሲጫነው የማይሰረጉድ መሆን አለበት። ከልክ በላይ ከቆየ ይቢጫል፤ ጆሮና አፍንጫውም እንደ ብስኩት ይሰበራል።

ከሁሉም የከፋው ውስጡ ባዶ የሆነ ጭንቅላት ነው። ሬዚን ለመቆጠብ ተቦርቡሮ ሲታተም ውስጡ ፈሳሽ ይቀርና በአንገት ቀዳዳ ሳይፈስስ ይታሸጋል። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ቫርኒሹ ተነፍቶ፣ ሁሉም ካለቀ ከሁለት ወር በኋላ አናቱ ይሰነጠቅና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያነባል። ይህ ከቀለም በኋላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ከመቀባት በፊት ጭንቅላቱን ጆሯችሁ አጠገብ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ክብደቱም ይመዘን። ጥርጣሬ ካለ በአንገቱ ሥር 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ሁለት ቦታ በስቶ፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ አልኮል እያስገቡ ማጠብ፣ አድርቆ በቀዳዳው ብርሃን ማስገባት ነው።

መስመርና ቀዳዳ

የብርጭቆ ወረቀቱ በውሃ የሚሠራው ዓይነት ይሁን፤ ቁጥሩ መጀመሪያ 400፣ ከዚያ 600፣ ከዚያ 1,000። ደረቁን መፈግፈግ አቧራውን ሳንባ ውስጥ ያስገባል፤ በውሃ ሲሆን አቧራው እዚያው ጭቃ ሆኖ ይቀራል፤ ማስኩም አይቅር። ጆሮ ላይ የሚያልፈው መስመር በወረቀት ሳይሆን በምላጭ ጀርባ እየተፋቀ ቢነሣ የጆሮው ቅርጽ አይበላም።

ትንሽ አረፋ በሱፐር ግሉ ይደፈናል። አንገትና የራስ ጀርባ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ሱፐር ግሉ ማንጠብ ወዲያው ድንጋይ ያደርገዋል። ፊት ላይ ግን ይህን አታድርጉ። ከሬዚኑ በላይ ስለሚጠነክር ስትፈገፍጉት ዙሪያው ተበልቶ እሱ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ለጉንጭና ለግንባር በሶዳው ፈንታ የሕፃን ፓውደር ይሻላል፤ በስቴኪኒ ጫፍ ከሱፐር ግሉ ጋር ለውሶ መሙላት፣ በሰዓቱ ውስጥም መፈግፈግ። የመኪና ስቱኮ ለሰፋፊ ጉድለት ጥሩ ነው፤ ግን ስስ ጠርዝ ላይ ይላጣል።

ፕራይመርና የሁለቱ ከተሞች አየር

ጭንቅላቱን የሃይላንድ ክዳን ላይ በተተከለ እንጨት አንገቱ ውስጥ አስገብታችሁ አጽኑት፤ ከዚህ በኋላ እጅ ፊቱን አይነካም። የመኪና አንቲሩጅን (የዝገት መከላከያ ቀለም) አንዳንዶች ይጠቀሙበታል፤ ግን ለቆርቆሮ የተሠራ ስለሆነ ወፍራም ነው፤ የቆዳውን ቀዳዳና የዓይን ቆቡን ጠርዝ ይደፍናል። በደንብ ባልጠነከረ ሬዚን ላይም ቲነሩ ገብቶ ሊያሸበሽበው ይችላል። ለፕላስቲክ የተሠራ የስፕሬይ ፕራይመር ነው የሚፈለገው። ለጠይም ፊት ቀለሙ ግራጫ ባይሆን ይመረጣል፤ ግራጫ በስስ ቀለም ውስጥ እየዘለቀ ፊቱን ያበርደዋል። ቀይ ቡናማ የሆነው ለእኛ ፊት ምቹ መነሻ ነው። ካልተገኘ ነጩን ቀብቶ ላዩ ላይ በርንት ሲየና የተባለውን ቀላ ያለ ቡናማ በስሱ ማልበስ ይቻላል።

ጣሳው 2 ደቂቃ ይናጥ፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ሦስት ጊዜ በስሱ፣ በመካከሉ 10 ደቂቃ እየቆየ ይነፋ። እዚህ ላይ ሁለቱ ከተሞች ይለያያሉ። ደሴ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ጣሳው ራሱ ስለሚቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርድና ቀለሙን ይተፋዋል፤ ፊቱ ላይ ነጠብጣብ ይቀራል። ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል። የሚፈላ ውሃም ከሰልም አይቅረበው፤ ይፈነዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ችግሩ ይገለበጣል። ከቀትር በኋላ ባለው ሙቀት ቀለሙ አየር ላይ እያለ ይደርቅና ፊቱ ላይ እንደ አሸዋ ያርፋል። እዚያ ጠዋት መንፋት፣ ርቀቱንም ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ማቅረብ ነው። አሸዋ የሆነ ፕራይመር ላይ አትቀቡ። በ1,000 ወረቀት በውሃ አለስልሱት፤ ካልሆነም ማጠብና እንደገና መጀመር ይሻላል። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን አይነካው፤ ቀለሙን ሲያነሣ ሬዚኑንም አብሮ ይበላል።

ቆዳው

አራት ቱቦ ይበቃል፦ በርንት ሲየና፣ የሎ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ) እና ነጭ። አምስተኛው አልትራማሪን ሰማያዊ ሲሆን በጣም ጥቂት ነው የሚያስፈልገው። ጥቁር ቱቦ ለቆዳ አይከፈትም። ለጠይም መነሻችን በርንት ሲየና 3 እጅ፣ የሎ ኦከር 2 እጅ፣ በርንት አምበር 1 እጅ፣ ነጭ 1 እጅ ነው። ለቀይ ዳማ ሲየናው 2፣ ኦከሩ 3፣ ነጩ 2 ይሆናል፤ አምበር አይገባበትም። ለጥቁር በርንት አምበር 4፣ በርንት ሲየና 2፣ አልትራማሪን ግማሽ፤ ነጭ ምንም። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ፕራይመር የተቀባ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞክሩና ደርቆ እዩት። ማንኪያውን ከገዛ እጃችሁ ጀርባ አጠገብ በመስኮት ብርሃን አስተያዩት፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። መጠኑን ማንኪያው ጀርባ ላይ ጻፉት። ስትጠግኑ ያንኑ ቀለም መልሶ ማግኘት ያለ ጽሑፍ አይቻልም።

መደቡ፣ ማለትም ፊቱን ሁሉ የሚሸፍነው መነሻ ቀለም፣ 1 እጅ ቀለም በ2 እጅ ውሃ ቀጥኖ፣ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያው ሁለት ዙር ዝብርቅርቅ ስለሚል ብዙ ሰው ተደናግጦ ወፍራም ቀለም ይደርባል፤ የአፍንጫው ጠርዝና የከንፈሩ መስመር የሚጠፋው ያኔ ነው። ዝም ብሎ ማድረቅና መቀጠል ነው። ደሴ ላይ በየመሐሉ 20 ደቂቃ፣ ኮምቦልቻ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል።

መደቡ ሲያልቅ ፊቱ እንደ ላስቲክ አሻንጉሊት አንድ ዓይነት ነው። የሰው ቆዳ ግን አንድ ቀለም አይደለም። ከአልጋ ፍራሽ የተቆረሰ ስፖንጅ በጥፍር ተነጭቶ በጣም በቀጠነ ቀለም ነጥብ ነጥብ ይነካካበታል። መጀመሪያ ቀላ ያለ ሲየና በጉንጭ፣ በአፍንጫ ጫፍና በጆሮ፤ ቀጥሎ ኦከር በጉንጭ አጥንት አናት፤ ከዚያ አምበር ከጥቂት አልትራማሪን ጋር በዓይን ጉድጓድ፣ በአገጭ ሥርና በአፍ ዙሪያ። በዚህ ደረጃ ፊቱ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል፤ እንዲያ መምሰሉ ልክ ነው። ላዩን በመደቡ ቀለም፣ 1 እጅ በ10 እጅ ቀጥኖ፣ ሁለት ጊዜ ስታለብሱት ነጥቦቹ ወደ ውስጥ ገብተው ቆዳ ይሆናሉ።

ይህን ያህል ስታቀጥኑ በውሃ ብቻ አይሁን። ቀለሙን የሚያያይዘው ሙጫ ተበትኖ ሲደርቅ ጠመኔ ሆኖ ይቀራል፤ በጣት ሲታሽም ይለቃል። ግማሹ ውሃ ግማሹ የአክሪሊክ ሚዲየም፣ ማለትም ቀለም የሌለው ያው ሙጫ፣ ይሁን። ብሩሹ ፊቱን ከመንካቱ በፊት ሶፍት ላይ አንድ ጊዜ ይጠረግ፤ ካልተጠረገ ጠብታው ዳር ዳሩን ደርቆ የጎርፍ ምልክት የመሰለ ጠርዝ ይተዋል። ቀለሙ የሚበዛው ብሩሹ የሚነሣበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ጥላ ስትቀቡ ብሩሹን ከጉንጩ ወደ ጉድጓዱ ጎትቱት፤ ከጉድጓዱ ወደ ጉንጩ አይሁን።

ብርሃኑ ላይ ነው ዋናው ስሕተት የሚመጣው። የግንባርን፣ የአፍንጫን ድልድይና የጉንጭን አጥንት ለማብራት መደቡ ላይ ነጭ መጨመር ለፈረንጅ ፊት የተጻፈ መመሪያ ነው። ጠይም ፊት ላይ ነጭ ሲጨመር አመድ ይሆናል። እኛ መደቡ ላይ የሎ ኦከርና የብርቱካን ቀለም ጠብታ እንጨምራለን፤ ጥቁር ፊት ላይ ደግሞ በርንት ሲየና ብቻውን ብርሃን ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው ብልጭታ የቀለም ሥራ ሳይሆን የወዝ ሥራ ስለሆነ ለቫርኒሹ ይቆይ።

ኤርብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት የሚነፋ መሣሪያ) ያለው ሰው ባለ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫውን በ15 ፒኤስአይ የአየር ግፊት፣ ለረቂቁ በ10 ፒኤስአይ ይጠቀም። የተማሪ አክሪሊክ ቅንጣቱ ሻካራ ስለሆነ በናይሎን ካልሲ ይጣራ። መብራት ድንገት ሲሄድ ቀለሙ ጫፉ ላይ እንዳይደርቅ በመጭመቂያ ጠርሙስ ውሃ አጠገብ ይኑር፤ መርፌው ወዲያው ወጥቶ ይጠረግ።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር። የወሎን የቀድሞ ሰዎች፣ ለምሳሌ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡትን ንጉሥ ሚካኤልን፣ ለመሥራት የሚነሣ ሰው መነሻው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የዚያ ዘመን የፎቶ መስታወት ቀይ ብርሃንን አያይም ነበር፤ ስለዚህ ቡናማና ቀላ ያለ ቆዳ ከእውነቱ በላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ከንፈርም እንደዚያው። ከፎቶው አጥንቱን፣ ጢሙንና ጥላውን ውሰዱ፤ የቆዳውን ቀለም ግን አትውሰዱ።

ዓይን

ዓይን ከመጀመሩ በፊት ቆዳው ላይ አንድ ዙር ቫርኒሽ ይነፋና አንድ ቀን ይቆይ። ዓይን ላይ መሳሳት አይቀርም፤ ከሥሩ ቫርኒሽ ካለ ስሕተቱ እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ብቻውን ይነሣል፤ ከሌለ የሦስት ቀን ቆዳ ይዞ ይሄዳል።

ነጩ የዓይን ክፍል ነጭ አይቀባም። ነጭ ላይ ከመደቡ ቀለም ጥቂት ገብቶ የቆየ ወረቀት ሲመስል ልክ ነው። ሁለቱ ማዕዘኖች በቀጠነ ቀላ ያለ ቡናማ ይነኩ። ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር በርንት አምበር ቀጭን መስመር ይሂድ፤ ይህ የቆቡ ጥላ ነው፤ ሳይኖር ሲቀር ዓይኑ ተለጥፎ የቀረ ይመስላል። ቀጥሎ ባለቀለሙ ክብ፤ በጣም ጥቁር ቡናማ፣ 2 ሚሊ ሜትር። የላይኛው ሲሶ በዓይን ቆቡ መሸፈን፣ ታችኛውም ጠርዙን መንካት አለበት። ክቡ ሙሉ በሙሉ ከታየና ዙሪያውን ነጭ ከከበበው ሰውየው የደነገጠ ይሆናል። ክቡን በአንድ ምት ለማሳረፍ አትሞክሩ፤ ከመሐል ነጥብ ተነሥቶ በትንሽ በትንሹ ማስፋት ነው።

የትኛው ዓይን ይቅደም? የሚከብዳችሁ። የቀለለውን ከጨረሳችሁ በኋላ የከበደውን ከሱ ጋር ማስተካከል አይቻልም፤ የከበደው እንደምንም ሲያልቅ የቀለለው ይከተለዋል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ከሚያዩ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ቢያዩ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት አይታወቅም። ቀጥ ብለው ሲያዩ ግን ያቺው ልዩነት ሸውራራ ታደርገዋለች። በየደረጃው በስልክ አንሡና ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጡት፤ ዓይናችሁ የለመደው ስሕተት ወዲያው ይወጣል።

ከዚያ የክቡ ታችኛው ግማሽ ላይ ሞቅ ያለ የቡና ቀለም ጨረቃ መሰል ቅስት ይግባ፤ ዓይኑን ሕያው የሚያደርገው ይህ ነው። መሐሉ ላይ ብሌኑ በጥቁር፤ ከላይ በኩል ደግሞ ነጭ ነጥብ፣ በሁለቱም ዓይን በአንድ አቅጣጫ። አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ከሆነ ፊቱ ለምን እንደተረበሸ ሳይታወቅ ይረብሻል። ይህች ነጥብ በብሩሽ ካልመጣች የተሳለ ስቴኪኒ ጫፍ ትችላለች።

ከንፈር፣ ቅንድብ፣ ፀጉር

የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ይጠቁራል። ለጠይም ፊት የላይኛውን መደቡ ላይ አምበርና ትንሽ ወይን ጠጅ፣ የታችኛውን መደቡ ላይ ጽጌረዳ ቀለም አድርጉት፤ ጠርዙን በቀጠነ መደብ አደብዝዙት። ጠርዙ ከተሳለ ሊፕስቲክ ይሆናል።

ቅንድብ መጀመሪያ በቀጠነ ቡናማ ጥላ ይቀመጣል፤ ከዚያ በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ ጭረት በጭረት። የተላጨ ጢም ጥላ በውጭ መመሪያ ግራጫ ሰማያዊ ይባላል፤ ጠይም ላይ ያ ቆሻሻ ይመስላል፤ አምበር ከትንሽ አልትራማሪን ጋር በስፖንጅ ነው። ፀጉር ከንጹሕ ጥቁር አይጀመር፤ ጥቁር ቡናማ መደብ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር። ሽበት ከነጭ አይነሣም፤ ጥቁሩ ላይ ግራጫ፣ ግራጫው ላይ ጥቂት ክር ነጭ፤ መጀመሪያም ጆሮ ግንድ ላይ። ፀጉሩ ቆዳውን የሚገናኝበት መስመር በመሐከለኛ ቀለም ካልተደበዘዘ ኮፍያ ያደረገ ይሆናል።

የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ደረቅ ፓስቴል በምላጭ ተፍቆ በደረቅ ብሩሽ ለጉንጭ ቅላት ጥሩ ነው። ማት በሆነ፣ ማለትም በማያብለጨልጭ ቦታ ላይ ብቻ ይይዛል፤ ቫርኒሽ ሲነፋበት ግማሹ ስለሚጠፋ አብዝቶ ማስቀመጥ ነው። የሴቶች የፊት ፓውደር አይተካውም፤ ቅባትና ብልጭልጭ አለው። በዘይት ቀለም ጥላ መስጠት የሚወድ ሰው ቀለም መደብሮች አኳራጅ በሚሉት ያቅጥን፤ የመኪና ቲነር ከሥር ያለውን አክሪሊክ ይፈታዋል። ደሴ ላይ ዘይት ቀለም ከብርዱ የተነሣ ቀናት ይፈልጋል፤ በላዩም አክሪሊክ አይመለስበትም።

ቫርኒሽ

በክረምት ማት ስፕሬይ ቫርኒሽ የብዙ ሰው ሥራ አበላሽቷል። አየሩ እርጥብ ሲሆን የሚተነው ኬሚካል ፊቱን ያቀዘቅዝና እርጥበቱ ቫርኒሹ ውስጥ ይታሰራል፤ ፊቱ ነጭ ጉም ይለብሳል። መስኮቱ ላይ ላብ ካለ፣ ልብስም ውጭ ውሎ ካልደረቀ አትንፉ። ጉም የለበሰ ፊት ግን አልጠፋም፤ ደረቅ ቀን ጠብቆ በስሱ ግሎስ (የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ) ሲነፋበት አብዛኛውን ጊዜ ጉሙ ይጠፋል፤ ከዚያ ማቱ ይመለሳል። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ በብሩሽ የሚቀባ የውሃ ማት ቫርኒሽ ይሻላል፤ በስሱ ሁለት ጊዜ።

ሁሉም ማት ሲሆን ፊቱ የደረቀ ሸክላ ነው። ወዙን የምትመልሱት አሁን ነው። ሳቲን፣ ማለትም በመጠኑ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ፣ 1 እጅ በ3 እጅ ውሃ አቅጥኑና ግንባሩ መሐል፣ የአፍንጫው ድልድይና ጫፉ፣ የጉንጩ አጥንት ላይ ብቻ በቁጥር 2 ብሩሽ አሳርፉ፤ ዳሩን በእርጥብ ብሩሽ አደብዝዙት። ታችኛው ከንፈር ሁለት ጊዜ ይቀባ። ቆዳው በጠቆረ ቁጥር ይህ እርምጃ ይበልጥ ይታያል፤ ቀለም ያልቻለውን ብርሃን የክፍሉ መብራት ራሱ ይሰጠዋል። ግሎስ ግን ለዓይን ብቻ ነው፤ የሁሉም መጨረሻ ሆኖ በሹል ብሩሽ አንድ ጠብታ። ከማቱ በፊት ከተቀባ ማቱ ያደበዝዘውና ዓይኑ የዓሣ ገበያ ዓይን ይሆናል።

አካሉ ላይ መግጠም

ሬዚን እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ በግድ ከተጫነ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። የአካሉን የአንገት ኳስና የጭንቅላቱን ቀዳዳ በካሊፐር ለኩ። ከጠበበ ቀዳዳውን በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት አስፉ፤ ከሰፋ ኳሱ ላይ ስኮች ጠቅልሉ። ማሞቅ ካስፈለገ የሚሞቀው የአካሉ ፕላስቲክ መገጣጠሚያ ነው፤ የተቀባው ጭንቅላት አይደለም። ቀዳዳው ውስጥ ቀለም አይግባ፤ ሲዞር ይፈገፈግና ይጠብቃል።

ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ጭንቅላት ቫርኒሹ ከተነፋ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆይ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቫርኒሽ ቆላ ሲወርድ በሙቀቱ ይለሰልሳል፤ የተጠቀለለበት ሶፍት ክር በክር ይጣበቅበታል፤ ፌስታልም ብልጭ ያለ አሻራ ይተውበታል። ሳጥኑ ግርጌ እንጨት ተክላችሁ ጭንቅላቱን በአንገቱ ቀዳዳ አቁሙት፤ ፊቱ ምንም ነገር ሳይነካ በአየር ላይ ይሂድ። ማንኪያው ላይ የሞከራችሁትን ቀለም በትንሽ ጠርሙስ አብራችሁ ላኩ፤ ጆሮና አፍንጫ ጫፍ በመንገድ ሲፋቅ ተቀባዩ የሚጠግነው በሱ ነው።